ክርክሩን ያሸነፍኩበት ቅዳሜ

ወንድሜ ሞጣ ላይ በሞተበት ቀን እኔ ቢቸና ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ ቅርጫት ኳስ እከራከር ነበር። ክርክሩንም አሸነፍኩ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከኳሱ ልጀምር።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ሞጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ከመሄዱ በፊት እኔንም የሰፈሩንም ልጆች ቅርጫት ኳስ ያስተማረን እሱ ነው። ሜዳችን ሲሚንቶው የተሰነጠቀ፣ ቀለበቱ መረብ የሌለው ነበር። ወንድሜ የመከላከል ሰው ነው። ኳስ ሳያስነካን መጀመሪያ ጉልበታችንን አጥፈን፣ እጃችንን ዘርግተን ወደ ጎን መሄድ አስለመደን። «ኳስ ማግባት አንድ ሰው ይበቃዋል፣ እንዳይገባ መከላከል ግን አምስቱንም ይፈልጋል» ይል ነበር። እኔ የምወደው ከሩቅ መወርወር ነው። ሲገባልኝ እጁን ያጨበጭብና አንድ ቃል ብቻ ይላል። ዕድል።

እሱ ሞጣ ሲገባ ይህን የዕድል ክርክር ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛችን ወረሰው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት፣ የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ድጋሚ እናያለን። ሦስተኛችን ዲያቆን ነው። በዚያ ሰሞን የምንጣላው በአንድ ኳስ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዱ ከመሀል ሜዳ ወረወረ። ረጅሙ ተከላካይ እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶበታል። ኳሷ ሰሌዳውን መታችና ገባች። እኔ ችሎታ ነው አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ዕድል ነው አለ። ተከላካዩ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል፣ ከዚህ በኋላ የሚገባ ኳስ ሎተሪ ነው አለ። ዲያቆኑ ሁለታችንንም አዳመጠና «ዕድልም ከላይ ነው የሚመጣው፣ ኳሷም ከላይ ነው የገባችው፤ ምን ያጣላችኋል?» አለ። ፀጉር አስተካካዩ «አንተ ደግሞ የማታውቀውን አትቀድስ» አለው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ ለወንድሜ እየደወልኩ እነግረዋለሁ። እሱም ዕድል ነው ይለኛል።

ያን ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ጠራኝ። ቅዳሜ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ነበር። አልጠየቅኩትም። ሻይ ቤት እንደተቀመጥን ካርድ ጨርሻለሁ አለና ስልኬን ተቀበለኝ። ኪሱ ከተተው። ዲያቆኑ አልመጣም። እኔም እንደልማዴ ጀመርኩ። የወርዋሪውን እግር አቋቋም፣ የእጁን አጣጣል ተነስቼ አሳየሁት። ሲቃወመኝ ጠበቅሁ። ብርጭቆውን አየና «ልክ ነህ፤ ዕድል አይደለም» አለ።

እንዴት እንደሳቅሁ አስታውሳለሁ። ጠረጴዛውን መታሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት እንኳ ዞራ አየችኝ። «ስልኬን አምጣ፣ ለወንድሜ ልደውልለትና መሸነፍህን በራስህ አፍ ንገረው» አልኩት።

«ነገ ትነግረዋለህ» አለኝ።

ከኪሱ ላወጣው ስታገል በጨዋታ መልክ ያዘኝ። ሲመሽ እቤት አደረሰኝ። ስልኬ እሱ ጋ ቀረ።

በእኛ አገር መርዶ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። እስከዚያ የሚያውቀው ለማያውቀው ይደብቃል። ይህን ልማድ ሁልጊዜ አውቀዋለሁ። በኔ ላይ ሲሆን ግን አላወቅሁትም። እሑድ ንጋት ላይ ግቢያችን በሰው ተሞላ። እናቴ ወጥታ ሰውን ሁሉ አየች። ማንም አፉን ሳይከፍት «ከሞጣ ነው?» አለች።

ወንድሜ ሐሙስ ሆዱን አሞት ሆስፒታል ገብቶ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው ያረፈው። ለአጎቴ ወዲያው ተደውሎላቸዋል። እኔ ጠረጴዛ ስመታ እሱ ሞጣ ተገንዞ ነበር። ዲያቆኑ ለመቃብሩ ሰው ሲያስተባብር ነበር። አስከሬኑ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ቢቸና ገባና ቀበርነው።

ፀጉር አስተካካዩ ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን አልተለየም። ውሃ አመላለሰ፣ አግዳሚ ተሸከመ። አላነጋገርኩትም። ስልኬን ሲመልስልኝ እንኳ ዓይኑን አላየሁም። አጎቴን ልቆጣቸው አልችልም፣ ታላቅ ናቸው። እሱን ግን እንዴት ይቅር ልበለው? የወንድሜን ሞት እያወቀ አሳቀኝ።

ከሰልስቱ በኋላ ከአጎቴ ጋር የወንድሜን ዕቃ ልናነሳ ሞጣ ሄድን። ብዙ ዕቃ አልነበረውም። ብርድ ልብስ፣ መጻሕፍት፣ አንድ ጫማ። ከጎኑ ተከራይቶ የሚኖር መምህር መጻሕፍቱን እያሰረልን «የሚወረውረው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

«ወንድምህ ስላንተ እያወራ እንዴት እንዳሰለቸን ብታውቅ። እኛ ከሩቅ የሚገባ ኳስ ዕድል ነው ስንል እሱ ይቆጣል። ታናሼ ቢቸና ላይ በቀን መቶ ጊዜ ይወረውራል፣ የሱ ዕድል አይባልም ይላል።»

እኔን ሁልጊዜ ዕድል ነው የሚለኝ አልኩት።

«ፊት ለፊት ካመሰገንኩት መወርወሩን ይተዋል ይል ነበር።»

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ገመዱን ያዝኩ። ሌላ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፣ ምን ብሎ እንደነበር፣ እንዴት ብሎ። አልጠየቅሁም። መኪናው እየጠበቀን ነው ብዬ ወጣሁ። አሁን ይቆጨኛል።

የአርባው ዋዜማ እናቴ ፀጉሬንና ጢሜን አይታ «በዚህ ፀጉር ነገ ቤተ ክርስቲያን አትቆምም» አለችኝ። ቢቸና ሌላም ፀጉር ቤት አለ። የሌላኛውን በር አልፌ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻውን ነበር። ጨርቁን አለበሰኝ፣ ማሽኑን አስነሳ። ግማሽ ያህል ቆረጠ።

«አምነህ ነው?» አልኩት በመስታወቱ ውስጥ።

የምጠይቀው ገብቶታል። «አላመንኩም። ያ ኳስ ዕድል ነው» አለ። ቀጥሎም «አጎትህ እስኪመሽ ያዘው፣ ስልኩንም ተቀበለው አሉኝ። ልከራከርህ ነበር። አፌን ስከፍት ሌላው ነገር እንዳይወጣ ፈራሁ» አለ።

ሞጣ የሰማሁትን ነገርኩት። በቀን መቶ ያለውንም፣ ፊት ለፊት ያላመሰገነኝ ለምን እንደሆነም። መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ማሽኑን አጠፋና ደንበኛ የሚጠብቅበት ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ለካ እስከዚያ ቀን አላለቀሰም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሲያገለግል አንድም ጊዜ አላለቀሰም፤ እኔም አላስተዋልኩም። እሱንም ጉልበትህን እጠፍ እያለ ያስተማረው ወንድሜ ነው።

ጨርቁን እንደለበስኩ፣ ፀጉሬ በአንድ ጎን ተቆርጦ በአንድ ጎን እንደተንጨባረረ ተነስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ አየንና ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።