የተኳለችው ዶልፊን

ጎረቤቴ የብረት በር ይሠራል። ዛሬ ጠዋት አንድ በር ደጁ ላይ አቁሞ ጥቁር ስፕሬይ ሲነፋ ሽታው በነፋስ ተገፍቶ ፀጉር ቤቴ ገባ። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ያዙ። አንዷ "ኧረ መስኮቱን ዝጊው!" አለችኝ። አልዘጋሁትም። ጉሮሮ የሚከረክረው ያ ሽታ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝና ሆሳዕና ከተማ፣ የድሮው ግቢያችን እንሰት ሥር፣ ከወንድሜ ጎን ቁጢጥ አደረገኝ።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ከቤታችን የመንገድ ዳሯን ክፍል ተቀብዬ ፀጉር መሥራት ጀምሬ ነበር። ያለኝ አንድ መስታወት፣ አንድ በእጅ የሚያዝ የፀጉር ማድረቂያ ፎንና አንድ ካስክ ነው። ካስኩ እንኳ፣ ሴቶች ቢጉዲ ተጠቅልለው ከሥሩ የሚቀመጡበት ትልቅ የማድረቂያ ቆብ፣ አሮጌ ስለነበረ ሲሠራ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። አባባ ከሆሳዕና ዶዮገና የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው፤ ዶልፊን የምንላት ዓይነት። ታላቅ ወንድሜ ረዳቱ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይገባሉ፤ ሳቃቸው ከበሩ ቀድሞ ይሰማ ነበር።

ወንድሜ "ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ" ያለ ዕለት ያ ሳቅ ተቋረጠ።

አዲስ ነገር አልነበረም። ከሰፈራችን ወጣቶች ያልሄደው ይቆጠራል። ግን የአባባ ታናሽ ወንድም፣ አጎታችን፣ በዚያው መንገድ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቶ ቀርቷል። ሞተም አልተባለ፣ ደረሰም አልተባለ። አባባ ያን ቀን ማዕዱን ገፋ አድርጎ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ጋር መነጋገር ተወ። አብረው እየሠሩ፣ አንድ መኪና ላይ ተቀምጠው፣ ዝም። ቤት ውስጥ የሚፈልጉትን ሁሉ የሚባባሉት በእኔ በኩል ሆነ። "አባትሽን ቁልፉን ጠይቂልኝ።" "ወንድምሽን ጎማውን አይቷል ወይ በይው።"

በዚህ መሀል ዶልፊኗ ተበላሸችና ዕቃዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግቢያችን ቆመች። ወንድሜ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። ሲዞራት ቆየና ወደ እኔ መጣ።

"የፊት መብራቶቿን አይተሻቸዋል? ውስጣቸው ተልጦ የታመመ ዓይን መስሏል። ከመሄዴ በፊት ላሳምራቸው። አባባን ጠይቂልኝ።"

አባባ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘርግቶ ነበር። ነገርኩት። ቀና ሳይል፣ "ከሰበረው ሌላ መብራት የለም። ከሰበረው እኔም ሥራ የለኝም በይው" አለ።

"እንቢ አላለም አይደል?" አለ ወንድሜ።

መብራት እንዴት እንደሚከፈት ስልኩ ላይ በቪዲዮ አይቶ ነበር። ፊቱ ያለው ፕላስቲክና ኋላው በማጣበቂያ የተያያዙ ናቸው፤ ማጣበቂያው እስኪለሰልስ መሞቅ አለበት። እኔ ምድጃ ላይ ሊያሞቀው ነው ብዬ ስሠጋ፣ መብራቱን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ ፀጉር ቤቴ ገባ።

"ደንበኛ አምጥቼልሻለሁ። ካስክ ትፈልጋለች።"

አንዲት አስተማሪ ፀጉሯን ተጠቅልላ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። "ወረፋዬን ለመብራት?" አለች። ወንድሜ ግን አንደበቱ ቅቤ ነበር፤ "እትዬ፣ እሷ ዳገት ለዳገት ስትወጣ የኖረች ናት፣ ይዘኑላት" አላት። ሴትየዋ እስክታነባ ሳቀች። መብራቱን ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበን አስቀመጥነው፤ ካስኩን ዝቅ አድርገን ደፋንበት። እስኪሞቅ ድረስ ሦስታችን ዙሪያውን ቆመን የታመመ እንደሚጠይቅ ሰው እናየው ነበር። የሞቀ ፕላስቲክና የፀጉር ቅባት ሽታ ተደባልቆ ክፍሉን ሞላው።

ከዚያ እኔ በፎን ጠርዙን እያሞቅኩ፣ እሱ በካቻቢቴ ቀስ እያለ ፈለቀቀው። ማጣበቂያው እንደ ማስቲካ እየተሳበ መጣ። አንድ ጊዜ ጧ አለ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። አልተሰበረም።

እንሰቱ ሥር ወስደን ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። አምፖሉን የሚከበውን፣ ብርሃኑን የሚወረውረውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ክፍል፣ ቀለም እንዳይነካው በፕላስተር መሸፈን ነበረብን። ወንድሜ ሞከረ፤ ፕላስተሩ ጠመመ። እንደገና ሞከረ። ብሎን ሲፈታ የማይስት እጁ ይህን ግን አሁንም አጠመመው።

"አንቺ ሥሪው" አለኝ። "እጅሽ የረጋ ነው።"

በጥፍር መቀስ እየቆረጥኩ ለጠፍኩት። ሥራዬን ሳላቋርጥ፣ "ፈርተሃል እንዴ?" አልኩት።

"መብራቱን?"

"መንገዱን።"

የፕላስተሩን ጥቅል በጣቱ አዞረ። ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ይጭራሉ። "ፈርቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ለአባባ እንዳትነግሪው።"

ስፕሬዩን ስስ ስስ አድርጎ ነፋው፤ ይደርቅና ይደግመዋል። ተልጦ የነበረው ቆዳ ጥልቅ ጥቁር ሆነ። ፕላስተሩን ስልጠው መሀሉ እንደ ውኃ አንጸባረቀ። አሁን ሳስበው ከዚያ በኋላ ብዙ ሙሽራ ኳኩያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በእጄ ሥራ የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

አባባ መጣና ከበላያችን ቆመ። ለእኔ፣ "ውስጡ ጠቁሮ እንዴት ነው የሚያበራው?" አለኝ።

ወንድሜም ለእኔ፣ "ብርሃኑ የሚወጣው ከመሀሉ ነው በይው። ጥቁሩ ጌጥ ነው" አለ።

"ጌጥ ለዶዮገና ጉም ምን ይሠራል በይው።"

"ኧረ እናንተው ተነጋገሩ!" ብዬ ተነሳሁ።

አልተነጋገሩም። መብራቱን መልሶ መግጠም ግን ከመክፈቱ ይከብድ ነበር። ማጣበቂያው እንደገና ከሞቀ በኋላ ሁለቱን ገጥሞ ከአራቱም ማዕዘን ባንድ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ወንድሜ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ከካስኩ ሥር አውጥቶት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተጫነው፤ በአንዱ በኩል ሲገባ በሌላው ይነሳል። ማጣበቂያው ሊቀዘቅዝ ነው። እኔ ፎኑን ይዤ መላ ቅጡ ጠፍቶኝ ሳለ አባባ በሩን አልፎ ገባ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተንበረከከና ትላልቅ እጆቹን በወንድሜ እጆች ላይ ጫነ።

"ያዝ" አለው።

ከሳምንታት በኋላ ለወንድሜ የተናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ወንድሜም ያዘ። ፕላስቲኩ ያቃጥል ነበር፤ አንዳቸውም አለቀቁም። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። የአባባ ትንፋሽ የወንድሜን ፀጉር ሲያወዛውዘው አያለሁ። ቀዝቅዞ ካበቃ በኋላም ትንሽ ቆዩ። አባባ ካረፈ ጊዜው ሄዷል፤ ወንድሜም ለቀብሩ መምጣት አልቻለም። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ስፈልግ ግን የማስበው እንደዚያ ተንበርክከው ነው።

ሁለተኛውም መብራት ተሠርቶ፣ መኪናዋ ተጠግና መናኸሪያ የገባች ዕለት ተሸካሚዎቹና ትኬት ሻጮቹ ከበቧት። "ተኳለች እኮ!" አለ አንዱ። ስሟ እዚያው ወጣ፤ የተኳለችው። ከሀቢቾ የሚመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ ማን እንደሠራው ይጠይቁ ነበር። አባባ፣ "ልጆቼ" ይላል፣ እንደዋዛ፣ ወደ ሌላ እያየ።

እውነቱን ልናገርና፣ ወንድሜ ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም።

የሚሄድበት ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት። እናቴ አንገቱን አቅፋ አልለቅም አለች። አባባ ግን ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ ነበር። በር ላይ ቆሞ ወንድሜን አየውና፣ "እግዚአብሔር ይከተልህ" አለ፤ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሥራው ሄደ። እናቴ፣ "ይህ ሰው ልቡ ምንድን ነው?" ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በዶዮገናና በሶዶ በኩል የሚሄደው አውቶብስ ላይ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። ጉሙ መናኸሪያውን ሸፍኖት ነበር። አባባን በተራ ላይ ከቆሙት ሚኒባሶች መሀል ፈለግኩት፤ አልነበረም። ወንድሜም ሲፈልገው አይቻለሁ።

ከዚያ ለወራት ድምፁ ጠፋ። አባባ እንጀራውን ቆርሶ መልሶ ያስቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ፤ ደርሷል። እናቴ እልል አለች። ስልኩን ለአባባ ብሰጠው፣ "ሰላም በይው" ብሎኝ ወደ ጓሮ ወጣ። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ በደወለ ቁጥር "ሰላም በይው" ይላል፣ ይወጣል። ሱቅ ሲከፍትም፣ ልጅ ሲወልድም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሳለ ደወለ። ስለ ብዙ ነገር አወራንና ባልጠበቅኩት ሰዓት፣ "አባባ የሄድኩ ቀን ምን እንዳደረገ ነግሯችሁ ያውቃል?" አለኝ።

"ምን አደረገ?"

"መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ። ከከተማው እንደወጣን በጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ከኋላችን መጣ። መንገደኛ መኪና ይሆናል ብዬ ተውኩት። ዳገቱ ላይ አውቶብሱ ሲያዘግም ቀረበ፤ የተኳለችው ናት። ሰው አልጫነም። ብቻውን ነበር። እጄን አውለበለብኩ፤ ያየኝ አይመስለኝም። ዶዮገና ስንደርስ ዳር ይዞ ቆመ።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?"

"ሳላለቅስ መናገር የምችልበትን ቀን እየጠበቅኩ።" እያለቀሰ ነበር።

አባባ ሶፋው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ወንድሜ የነገረኝን ነገርኩት። አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

"አየኝ እንዴ?" አለ።

ከዚያ ጫማውን አስቀመጠና እጁን ዘረጋ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጆሮው ላይ አደረገው።

"ልጄ" አለ። "እስከ ዶዮገና ነው የቻልኩት። ናፍጣ አልነበረኝም።"

ወንድሜ ምን እንዳለው አልሰማሁም። አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጆች ሳለን ሊያስተኛን ሲል እንደሚያወራን፣ በሀዲይኛ ማውራት ጀመረ። እኔ እናቴን ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግኩላቸው።