ለማንም ያልነገርነው እንጉዳይ

ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የማገዶ እንጨት የሚሸጥበት ግቢ አለ። ዝናብ ጥሎ ሲያባራ በዚያ ሳልፍ የራሰ ቅርፊት ሽታ ያቆመኛል። ወዲያው ልጅ እሆናለሁ፤ ሞርሲቶ አጠገብ ባለው ጫካ ውስጥ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ እከተላለሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ወደ እህቱ፣ ወደ አክስቴ አበበች ይልከኝ ነበር። አክስቴ እንጉዳይ ለመልቀም ስትሄድ የራሷን ልጆች ትታ እኔን ብቻ ነበር የምትወስደው፤ እነሱ ምስጢር አይቋጥሩም። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም እየተባልኩ የምወቀስበት ዝምታዬ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ተፈለገ። እንጉዳዩ የሚበቅለው በወደቁ አሮጌ የዝግባ ግንዶች ላይ ነበር፤ ሌላ እንጨት ላይ አይተነው አናውቅም። አክስቴ ተንበርክካ በጣቷ እየዳሰሰች "ትንሹ ገና ነው፣ ትልቁ እናት ነው" ትለኝና መካከለኛውን ብቻ ትለቅማለች። ቦታውን ለባሏ እንኳ አልነገረችም። "ያወቀ ሁሉ ይለቅማል፤ የለቀመ ሁሉ ገበያ ያወጣዋል" ትል ነበር።

ስንመለስ እንጉዳዩን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከላዩ ጭራሮ ትጭንበታለች። ጎረቤታችን ጋሽ ኤርጎጌ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ይጠብቁናል።

"አበበች፣ እናንተ ቤት ጭራሮ ነው እንዴ የሚበላው? በየቀኑ ጭራሮ" ይላሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "አንቺስ የከተማዋ፣ ምላስሽን ሆሳዕና ትተሽ ነው የመጣሽው?"

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አክስቴ እጄን ጨበጥ ታደርገዋለች። ማታ ቅቤና ጨው አስነክታው፣ ከነቅጠሉ ትኩስ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለች። ቅጠሉ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ዛሬም አውቀዋለሁ። በትኩስ ቆጮ እንበላዋለን፤ ልጆቿ ከየት አመጣሽው ሲሏት ትስቃለች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እንጉዳይ ስማር፣ አንዳንዱ ከአንድ ዓይነት የዛፍ ግንድ ውጭ መኖር እንደማይችል ተረዳሁ። አክስቴን አሰብኳት። በዚያው ጊዜ መንደሩ ውስጥ የወደቁት ግንዶች እየተቆረጡ ለከሰል መውጣት፣ በቦታቸውም ባሕር ዛፍ መተከል ጀምሮ ነበር። ከመቆረጡ በፊት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ምኑ ሳይነካ ይቅር ብሎ ተመካክሯል። ስለ ምንጩ የተናገረ ነበር፤ ምንጩ ሳይነካ ቀረ። ቀፎ ስለሚሰቀልበት ዛፍ የተናገረም ነበር፤ እሱም ተረፈ። አክስቴም እዚያው ተቀምጣ ነበር።

"ብናገር ሄደው ይለቅሙታል ብዬ ዝም አልኩ" አለችኝ በኋላ።

ባለፈው ሰኔ አብረን ሄድን። ዘንቦ ያደረ ቢሆንም ከባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ ደረቅ ነበር፤ ቅጠሉ እግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። አንድም የወደቀ ግንድ የለም። አክስቴ ግንዱ ተጋድሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቁጭ አለች። ባሕር ዛፋቸውን ሊያዩ የመጡት ጋሽ ኤርጎጌ ምን ጠፋባችሁ ብለው ጠየቁን። አክስቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ ነገረቻቸው፤ ግንዱን፣ ጭራሮውን፣ ሁሉንም።

ሽማግሌው ሳቅ ሊሉ ጀምረው ተዉት።

"እዚህ ነበር?" አሉ። "ብትነግሪን እኮ ማን ይነካው ነበር፣ አበበች።"

አክስቴ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። እሳቸው ግን አልሄዱም። "ከወንዙ ማዶ የወደቀ ዝግባ አይቻለሁ። መልኩን ንገሩኝና ልየው፤ ካለ አላስነካውም" አሉ።

"ቢጫ ነው" አለች አክስቴ። እኔ በዚያው ቅጽበት "ነጭ" ብያለሁ።

ተያየን። እሷ እርግጠኛ ነበረች፤ እኔም እርግጠኛ ነበርኩ። ያኔ ቢሆን ክርክራችን እስከ ማግስቱ ጠዋት ብቻ ነበር የሚቆየው፤ ሄደን እናየው ነበር። አሁን ሄደን የምናይበት ቦታ የለንም። ጋሽ ኤርጎጌ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያዩ መልሳችንን ይጠብቁ ነበር።