ሁለቱ አንቱ የተባሉ አጥቂዎች

አሰልጣኙ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው የሚያገኘው ልምምድ አዳራሹ ውስጥ ብቻ ነበር። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮው እንኳ የሚያወራው ለራሱ ነው። ስለዚህ የክለቡ ኃላፊ ጠርቶ፣ ቅዳሜ ከተሸነፋችሁ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ይፈርሳል ሲለው፣ ያሳሰበው ደመወዙ አልነበረም። ሰው አልባ መቅረቱ ነው።

ጣጣው ያለው ሁለቱ አጥቂዎች ጋ ነበር። አንዱን በቁመቱ ቆጥ ይሉታል፤ ሌላውን፣ ዘንድሮ ከሌላ ክለብ የመጣውን፣ ጥይት። ሁለቱም አንቱ የተባሉ ተጫዋቾች ናቸው። ጥይት እንደመጣ ኳስ ከለከልከኝ ተባብለው ሆድና ጀርባ ሆኑ። ተሳድበው ቢሆን ኖሮ በታረቁ ነበር። እነሱ ግን ነገር አማራቸውና የምር አንቱ መባባል ጀመሩ። በር ላይ አንዱ ጌታዬ ይለፉ ሲል፣ ሌላው ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ይላል። ቡድኑ በሳቅ ይፈርሳል፣ ልምምዱ ይቆማል።

ጨዋታ ላይ ግን አላሳቀም። ቆጥ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሞ «እባክዎን ያቀብሉኝ» ብሎ እስኪጨርስ ተከላካዩ ከች ይላል። አሰልጣኙ መከረ፣ ተቆጣ፣ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም አለ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙትና ሲወጡ እንደገና እጅ ተነሳሱ። እኔ ብሆን ሁለቱንም በጥፊ ነበር።

ሐሙስ ልምምዱ ሲያልቅ ሁለቱን ብቻ አስቀረና፣ ጥግ የቆመውን ቅርጫት ከነብረት መቆሚያው አንሥተው ወደ ቦታው እንዲወስዱት አዘዘ። ብረቱ ለሁለት ሰው ይከብዳል። «ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አለ ጥይት። «እርስዎ ቀድመው ያንሡ» አለ ቆጥ። በዚህ መሃል የመቆሚያው ጠርዝ የጥይት እግር ላይ አረፈ።

«አንሣው አንተ ደደብ፣ እግሬን።»

«አንተ ራስህ ወደ ግራ በል እንጂ።»

አነሡት። ከዚያ ተያዩና መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። አሰልጣኙም በሩ ጋ ቆሞ ለብቻው ሳቀ።

ቅዳሜ ሜዳው «ስጠኝ»፣ «እንካ»፣ «ሩጥ አንተ» ብቻ ሆነ። አሸነፉ፤ ቡድኑም ተረፈ። ተጫዋቾቹ ታጥበው እራት ሊበሉ ተሰባሰቡ። አሰልጣኙ ጃኬቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ መተላለፊያው ላይ ጠበቃቸው። ሁለቱ አጥቂዎች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው መጡ። ቆጥ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ኮች፣ ዛሬ በጣም ደክመዋል። እርስዎ ቤትዎ ገብተው ይረፉ፣ እኛ አናስቸግርዎትም።»

አልደከመኝም ሊል አፉን ከፈተ። እሺ ልጆቼ፣ ተጫወቱ አላቸው። ከፋው፤ ግን ከልባቸው እንደሆነ ያውቃል። ጥይት በሩን ይዞለት አሳለፈው። ከዚያ ተጫዋቾቹ እየተጓተቱ ወደ ታችኛው መንገድ ወረዱ። አንተም ና የሚለው ሰው አልነበረም። አክብረውት፣ ትተውት ሄዱ።