የሸክላው ሳምንት

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በጭቃ የሠራቻትን ላም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ላሟ ገና አልደረቀችም። ልጆቹ ወጥተው ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የርጥብ ሸክላ አፈር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ስንት ዓመት ሥዕልና እጅ ሥራ ሳስተምር ይህን ሽታ አልለመድኩትም። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልናገረው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤታችን ከጉቴ ወጣ ብሎ፣ ከመንደሩ ተነጥሎ፣ ወንዝ ዳር ነበር። እሷ የሠራችው ድስት የሌለበት ቤት በአካባቢው አይገኝም፤ ከደጃፉ አልፋ የገባችበት ቤት ግን አልነበረም። የእኛ የሸክላ ሠሪዎች ዓይን ክፉ ነው ይባላል። ገበያ ላይ ከእሷ የሚገዙ ሰዎች እንኳ ፊቷን ሳያዩ ነበር የሚያናግሯት።

ለመምህርነት ልሠለጥን ነቀምት ስገባ፣ «አዮ፣» አልኳት፤ እናቴን አዮ ነበር የምላት። «ነቀምት ገበያ አትምጪ። እዚሁ ጉቴ ሽጪ።»

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። «እሺ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ነቀምት ለተዋወቅኳቸው ሁሉ እናቴ የቤት እመቤት ናት አልኳቸው።

የሥዕል መምህራችን ከሸዋ የመጣ፣ ጣቶቹ በጠመኔ የነጡ ሰው ነበር። ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስመር ብቻ አሠመረን፤ ቀጥ ያለ፣ የጎበጠ፣ ጫን ያለ፣ ሳሳ ያለ። ቀጥሎ ጥላ መጣል አስተማረን። «ብርሃኑ የሚመጣው ከየት ነው? እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት እሱን ጠይቁ» ይለን ነበር። አንድ ቀን እንስራ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አቆመና ሣሉ አለን። የሌሎቹ እንስራ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ሆዱ ከየት ጀምሮ እንደሚሰፋ፣ አንገቱ የት ላይ እንደሚጠብ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። መምህሩ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ።

«የት ተማርሽው?»

«ከመጽሐፍ» አልኩት።

ከዚያ የሸክላው ሳምንት መጣ። አፈሩን በውኃ አቡክተን፣ በመዳፋችን እንደ ገመድ እያድቦለቦልን፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረብን ትንንሽ ማሰሮ ሠራን። መምህሩ ያነበበውን ነበር የሚያሠራን። የተወቀጠ ገል፣ የተሰበረ ሸክላ ዱቄት፣ ያልተቀላቀለበት ጭቃ እሳት እንደማይችል እኔ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ለእናቴ ገሉን የምወቅጥላት እኔ ነበርኩ።  የራሴንም ማሰሮ ሆን ብዬ አጣምሜ ሠራሁት። ግቢው ውስጥ እሳት አንድደን ስንተኩሳቸው ማሰሮዎቻችን አንድ በአንድ እየጮኹ ተሰነጠቁ።

መምህሩ አላዘነም። «የሚያውቅ ሰው እናመጣለን» አለ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ራሱ ገበያ ወርዶ አንዲት ሸክላ ሠሪ ይዞ መጣ።

እናቴ ነበረች።

በሩ ላይ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። «አካም ቡልተን» ብላ ሰላም አለችን። መልስ የሰጡት ጥቂቶች ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ክንዴን ቆንጥጣ፣ «ዓይኗን እንዳታዪ» አለችኝ።

እናቴ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። እኔ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ አለፈችኝ። ያኔ ገባኝ፤ ልጇ መሆኔን ልታሳውቅ አልመጣችም።

መሬት ላይ ተቀምጣ ገል ወቀጠች፣ ነፋች፣ ከጭቃው ጋር አሸች። ዝናብ ያረጠበው የወንዛችን ዳርቻ ሽታ ክፍሉ ውስጥ ገባ። መምህሩ እየዞረ ያስረዳል። በመሃል፣ «አንቺ፣ እንስራ የሣልሽው፣ ነይ። እጅሽን ይዛ ታሳይሽ» አለኝ።

ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ።

«ስምሽ ማነው፣ ኢንተላ ኮ?» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ለማንም ሴት ልጅ እንደምትለው አድርጋ ነው ያለችው።

ለገዛ እናቴ ስሜን ነገርኳት።

«ጥሩ ስም ነው። ማን አወጣልሽ?»

«አባቴ» አልኳት። አባቴ ሳልወለድ ነው የሞተው። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት።

ራሷን ነቀነቀች። ሻካራ እጇን እጄ ላይ ጫነችና የማሰሮውን ከንፈር አብረን አዞርን። እጄ ከዳኝ፤ የለመደውን ሥራ ሲያገኝ ጊዜ ከንፈሩን በአንድ ዙር ጨርሶ አለሰለሰው።

«ኧረ! እንዴት ቶሎ ገባት!» አለ መምህሩ።

እናቴ ቀና አላለችም። «በርሲሳ፣ የተማረ እጅ ነው» አለች፣ መምህሩን በኦሮምኛ ጠርታ፣ የቀረውን በተሰባበረ አማርኛ። «የተማረ እጅ ቶሎ ይይዛል።»

ስትጨርስ መምህሩ ሻይ አስመጣላት። ግድግዳውን ተደግፋ ቶሎ ቶሎ ጠጥታ ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖረችው። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «አንቺ ነክተሻታል፤ አንቺው ጣይው፤ እኔ አልነካውም» አለችኝ። ብዙ ዓይኖች ያዩኝ ነበር። የብርጭቆውን አፍ በሁለት ጣት አንጠልጥዬ ይዤ ወጣሁና የቆሻሻ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወርኩት። ሲሰበር ጮኸ። ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታጠልቅ ነበር። አየችኝ።

በዚያ ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። ትቆጣኛለች ብዬ መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። እሷ ግን እግሬን አጥባኝ፣ ምሳ አቅርባልኝ፣ ቆይታ ቆይታ፣ «ደህና አስተማርኩ?» አለችኝ። ጓጉታ ነበር የጠየቀችኝ። «ጉቴ ገበያ አልቀናኝም ብዬ አይደለም የመጣሁት። የምትማሪበትን ክፍል ማየት አምሮኝ ነው።»

«ደህና ነበር» አልኳት።  ይቅርታ ሳልላት ቀረሁ። ነገ እላታለሁ አልኩ፤ ከዚያም ሌላ ቅዳሜ እላታለሁ አልኩ።

ተመርቄ እዚህ ሲሬ ተመደብኩ፤ አገባሁ፤ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ገንፎ እያገነፋች፣ ልጄን እያጠበች ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀመጠች። ሰው ደጅ ላይ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንድ ከሰዓት ባልደረቦቼ «እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ» እያሉ ሲገቡ፣ ልጄ እሷ ጭን ላይ ነበረችና እናቴ ቶሎ መነሣት አልቻለችም። እንዳትሸሽ ነጠላዋን ያዝኩ።

«ተዋወቋት፣ እናቴ ናት» አልኩ። 

እናቴ ሣቀች። «አይ፣ ስለምትወደኝ ነው» አለቻቸው። «ጎረቤቷ ነበርኩ፤ ከጉቴ። ልጠይቃት መጥቼ ነው።» ልጄን ክንዴ ላይ አስተኛችልኝና እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«እናቴ ናት» ብዬ ደገምኩ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ወሬ ለወጠች።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጓዳ ተከትያት ገባሁ። «አዮ፣ ለምን?»

የልጄን ጨርቅ ትጨምቅ ነበር። «አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ ዝም እል ነበር» አለችኝ። «አሁን ልጅ አለሽ፤ ስሜ እሷንም ይከተላታል።»

በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ወደ ጉቴ ተመለሰች። ልጄ መራመድ ሳትጀምር እናቴ ሞተች። ልጄ አያቷን አታስታውሳትም።