የደበቅሁት ዓምድ

ደብረ ታቦር ሥራ የገባሁ ዕለት አቶ በላይነህ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። እሳቸው የክትባት ፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የኮምፒዩተር ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ወር ያልሞላኝ መረጃ መዝጋቢ። ወረቀቶቹ ጭቃ ነክቷቸዋል። ባለሙያዎች በእግርና በበቅሎ ዞረው የየጤና ኬላውን ስም፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ከጂፒኤስ ገልብጠውባቸዋል። በመጨረሻው ዓምድ፣ «ምልክት» በሚል ርዕስ፣ የአገሬው ሰው ቦታውን እንዴት እንደሚጠቁም ጽፈዋል፤ «ከሚካኤል ራስጌ፣ ከወፍጮው ማዶ» ዓይነት ነገር።

«ይህን ኤክሴል ላይ አስገቢ። ሹፌሮቹ የሚሄዱት በእሱ ነው» አሉኝ።

በዚያው ቀን ኬክሮሱን ኬንትሮሱ ቦታ ጻፍኩት። በእኛ አገር ኬክሮስ ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት፣ ኬንትሮስ ሠላሳ ሰባት ወይም ሠላሳ ስምንት ነው። ሲገለባበጥ አንዱ ጤና ኬላችን ጣሊያን አጠገብ ባሕር ውስጥ ገባ። አንጋፋው ሹፌር ጋሽ እንድሪስ ካርታውን አይተው «እኔ ዋና አልችልም፤ ሌላ ሹፌር ፈልጊ» ብለውኝ ወጡ። ቢሮው ሁሉ ሳቀብኝ። ያን ስሕተት ደግሜው አላውቅም፤ የደረሰብኝ ሌላ ነው።

ጥንቅቅ ያለ ነገር እወዳለሁ። አቶ በላይነህ ደግሞ ከእኔ ይብሱ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ሰሞን ስሞቹን በፊደል ተራ እንድደረድር አዘዙኝ። «ምልክት» የሚለውን ዓምድ ሲያዩ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ የመንደር ወሬ ነው። ቁጥር እያለልን ወፍጮ ምን ያደርግልናል? አጥፊው።»

ስንት ሰው የደከመበትን ማጥፋቱ አሳዘነኝና ደበቅሁት። ኤክሴል ላይ ዓምድ ሳይጠፋ መደበቅ ይቻላል። ከዚያ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ እንዲደረድርልኝ አዘዝኩት። አንድ የጥያቄ መስኮት ብቅ አለ፤ ሳላነበው ተጫንኩና አለፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስሞቹ በሀ ሁ ተሰለፉ፤ ቁጥሮቹ ግን ከነበሩበት አልተነቃነቁም። እያንዳንዱ ጤና ኬላ የሌላውን አድራሻ ያዘ ማለት ነው። ሁሉም ቁጥር የእውነተኛ ቦታ ስለሆነ ላየው ሰው አያስጠረጥርም። ዝርዝሩን አትሜ ለአለቃዬ ሰጠሁ፤ ጂፒኤሶቹም ላይ ጫንኩት።

በሳምንቱ ኩርኩራ ሜዳ ከምትባል ቀበሌ ኩፍኝ መግባቱ ተሰማ። እናቶች ገና ያልታመሙ ልጆቻቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ጤና ኬላው ደጅ ይጠብቃሉ ተባለ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጫነ። በረዶው የሚቆየው እስከ ማታ ነው። ከሟሟ ክትባቱ ይበላሻል፤ ሌላ እስኪመጣ ደግሞ ቀናት ያልፋሉ፣ ኩፍኙ ግን አይጠብቅም።

ጋሽ እንድሪስ ሞተር አስነስተው ጂፒኤሱን አዩና ተጠራጠሩ። «ልጄ፣ ኩርኩራ ሜዳ እብናት በኩል አይደለች እንዴ? ይሄ ወደ ጉና ተራራ ይመራኛል።»

«አንድ ስም ሁለት ቦታ ይኖራል ጋሼ። ማሽኑን ይከተሉ» አልኳቸው። ያን አነጋገሬን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ከሄዱ በኋላ ጥርጣሬያቸው ወደ እኔ ተጋባ። ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ኩርኩራ ሜዳ ጎን ያለው ከፍታ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። የደበቅሁትን ዓምድ ገለጥኩት፤ «ከአስታው ጫካ ሥር» ይላል። ኩርኩራ የቆላ ዛፍ ነው፣ አስታ የውርጭ አገር። ሁለቱ አንድ ቦታ በቅለው አያውቁም።

ካርቶኑን አውርጄ ወረቀቶቹን አገላበጥኩ። የኩርኩራ ሜዳው ከታች ተገኘ፦ እብናት፣ «ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ወንዙን ሳይሻገሩ፣ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ»። ለጋሽ እንድሪስ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደጋግሜ ደወልኩ። እናቶቹ ልጅ እንዳዘሉ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ታየኝ፤ የሰው ልጅ በእጄ ጠፋ ብዬ አለቀስኩ።

ቆይቶ ስልኩ ጠራ፤ ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

«መንገድ ዳር ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ጠየቅሁ። ኩርኩራ የሚባል ዛፍ በአገራችን የለም አሉኝ። ቁጥሩን ተይና ምልክቱን ንገሪኝ።»

ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«ያች የጊዮርጊስ ዋርካ ናት? ጥላዋ ሥር ስንቴ ጎማ ቀይሬያለሁ። በይ ዞሬያለሁ።»

እሳቸው መንገድ ላይ እያሉ አቶ በላይነህ ቢሮ ገብቼ ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ። የምባረር መስሎኝ ነበር። ያተምኩትን ዝርዝር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ወፍጮውን መልሺው» አሉኝ። «ከዚያ ሁሉንም ከወረቀቱ ጋር አብረን እናመሳክራለን።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ እንድሪስ እንደገና ደወሉ። የሚሉትን ለመስማት ተቸገርኩ፤ ከጀርባቸው ልጆች በመርፌ ይንጫጫሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ በረዶው እንዳለ ነው» አሉኝ። ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አሠራሬ አንድ ሆነ። ስደረድር ሰንጠረዡን በሙሉ እመርጣለሁ። ምልክቱን ከቁጥሩ ጎን አኖራለሁ። መኪና ሳይነሳ ስሙን፣ ከፍታውንና ምልክቱን ለሹፌሩ አነብለታለሁ፤ ሹፌሩ ከተጠራጠረ ወረቀቱ እስኪታይ መኪናው ይቆማል።