የላፕቶፑ የመጀመሪያ ጾም

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ላፕቶፔን የገዛሁት እንደዚያ ነው። ከጥምቀት በኋላ ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄጄ፣ መኪናው ሊነሣ ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ሱቅ ገብቼ የተደረደረውን በቅጡ እንኳ ሳላይ አንዱን አንሥቼ ወጣሁ። ሻጩ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ባትሪ እኮ ጠዋት ሞልተውት ከወጡ እስከ ማታ ዞር ብለው አያዩትም" አለኝ። አገሬ አርብ ገበያ ደርሼ ቤቴ ስከፍተው ባለቤቴ ለወጥ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ ነበር፤ ሽንኩርቱ ሳያልቅ ባትሪው አለቀ። እውነትም እስከ ማታ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ለምን እንደገዛሁት ልናገር። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ክረምት ክረምት እየሄድሁ ዲግሪዬን እማር ነበር፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። በእጄ የጻፍሁትን ለሚተይቡ ሰዎች ስሰጥ ሐሳቤ የሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ በራሴ ማሽን፣ በራሴ ጣት፣ በራሴ ቤት ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ አልሁ። ምኞት አይከለከል።

መጀመሪያ የተጣላነው በጣት ነው። ማውስ የለውም፤ ከቁልፎቹ ሥር ባለች ለስላሳ ቦታ ላይ ጣት እያንሸራተቱ ነው የሚያዙት። ስጽፍ አውራ ጣቴ ያቺን ቦታ ትነካታለች፤ ስትነካት ጽሑፉ ካለሁበት ዘሎ ወደ ላይ ይወጣና የጀመርሁትን ዐረፍተ ነገር በሌላ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ይቀጥለዋል። ቀና ስል መግቢያዬ ከማጠቃለያዬ ጋር ተጋብቷል። ሁለተኛው ጠባችን በቀይ ቀለም ነው። በአማርኛ የጻፍሁትን ቃል ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀር፣ በቀይ ያሰምርበታል። የሰው ደብተር ላይ በቀይ ሳሰምር ጠጉሬን ያሸበትሁ ሰው፣ አማርኛ የማያውቅ ዕቃ አማርኛዬን ሲያርመኝ እንዴት ዝም ልበል? "ነይ፣ ጉድ ተመልከች" ብዬ ባለቤቴን ጠራኋት። አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችና፣ "እንግዲህ ተማሪዎችህ ምን እንደሚሰማቸው አሁን ይግባህ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መብራቱንማ ተዉት። ክፍል ስገባ ይመጣል፤ ቤት ስገባ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እኔ ነኝ። ባለቤቴ መብራት በመጣ ቁጥር እንድትሰካልኝ አደራ እላታለሁ፤ እሷም ትሰካለች፤ ማታ የማገኘው ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው። የቤታችን ወለል አፈር ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት በንጹሕ ነጠላ እጠቀልለዋለሁ፤ ዶሮ እንዳይወጣበት ከቁምሳጥን ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ሳወርደው በሁለት እጄ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየኝ ቆየችና፣ "በተጋባንበት ዘመን ሁሉ እኔን እንዲህ ቀስ ብለህ አስቀምጠኸኝ ታውቃለህ?" አለችኝ።  ነጠላውን ከላዩ ገለጥሁ።

ሲዲ እንደሚያጫውት የደረሰችበት እሷው ናት። ቤታችን ያለው ሲዲ አንድ ብቻ ነበር፤ የታናሽ ወንድሜ የሠርግ ሲዲ። አንድ እሑድ ከፈትንና አየነው። ሠርጉን ቀድሞ በሰው ቴሌቪዥን አይተነው ነበር፤ በራሳችን ዕቃ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ይሄን አይታ ዝም ብትል ደግ ነበር። በማግሥቱ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ለጎረቤታችን፣ "ልጅዎን እኮ ትናንት አየሁት፣ ሲጨፍር" ብላ ነገረቻቸው።

እኒህ ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው፣ ያላቸውም አንድ ወንድ ልጅ ብቻ የሆነ ሴት ናቸው። ልጁ እንደ አካባቢያችን ጎረምሶች ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። ኅዳር ላይ አብሮት የወረደ የሰፈር ሰው ብቻውን ተመለሰና፣ ወባ ጣለው፣ እዚያው ቀበሩት አለ። ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው መርዶውን ሲነግሯቸው፣ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ሲቀበር በዐይኑ ያየ ማነው?" ሰውየው ሌላ እርሻ ላይ ነበር፤ የሰማውን ነው ያመጣው። "እንግዲያው በወሬ ለቅሶ አልቀመጥም" አሉና መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ጓሯቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ተቸገረባቸው። እግዜር ያጥናዎት እንዳንላቸው ለቅሶ አልተቀመጡም። ልጅዎ ደኅና ነው ወይ እንዳንላቸው መሞቱን ሁሉም ሰምቷል። መንገድ ላይ ስናገኛቸው ስለ ገብሱና ስለ ብርዱ አውርተን እናልፋለን። እሳቸውም እንደሸሸናቸው ያውቃሉ። ሰውነታቸው በየሳምንቱ እያለቀ ሄደ፤ ጎረቤቱ ሁሉ፣ እኒህ ሴት ልጃቸውን ሳያለቅሱ እሳቸው ይሞታሉ ይል ነበር።

ልጁ በወንድሜ ሠርግ ሚዜ ነበር። ከዚያ በቀር ፎቶ የተነሣው ለመታወቂያ ብቻ ነው፤ መታወቂያውን ደግሞ ይዞት ወርዷል። መልኩ የቀረው እኛ ቤት ነው። ዐቢይ ጾም እንደ ገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ላይ ቆሙና፣ "አሳየኝማ ልጄ" አሉኝ። ከፍቼ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል እጄን ያዙኝ።

"ድምፁን አጥፋልኝ። ጾም ነው፣ ዘፈን አልሰማም። እኔ መልኩን ነው የምሻው።"

አጠፋሁላቸው። ሙሽራው ገባ፤ ሚዜዎቹ ገቡ። ልጁ እጅጌው ያጠረ የውሰት ኮት ለብሷል፤ ይዘላል፤ ላቡን ይጠርጋል፤ አፉን ከፍቶ ወደ ካሜራው ይስቃል። ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ ይጋርደዋል። እሳቸው እስኪጋረድ አዩትና፣ "መልስልኝ" አሉኝ። መለስሁ። "መልስልኝ።" መለስሁ። ባትሪው እስኪያልቅ ስመልስ ዋልሁ።

በነጋታው መጡ። በሣልስቱም መጡ። መብራት ሲመጣ የሚነግራቸው መልአክ ያለ ይመስል ልክ ባትሪው ሲሞላ ከተፍ ይላሉ። ልጁን ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ይዳስሱታል፤ ሲዳስሱት ምስሉ በጣታቸው ዙሪያ ቀለሙ ይዝረከረካል፤ እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። ሲሄዱ የጣታቸውን አሻራ እየጠረግሁ እነጫነጫለሁ። ጽሑፌ ምዕራፍ ሁለት ላይ ቆሞ ቀረ። እውነቱን ልናገር፤ በጣም ተናድጄ ነበር። በእሳቸውም፣ በሻጩም፣ በመብራቱም፣ ነገሩን ባወራችው ሚስቴም። ባለቤቴን፣ "ነገ ሲመጡ ባትሪ የለውም በያቸው" ብላት፣ "አፍ አለህ፤ ራስህ ንገራቸው" አለችኝ። በማግሥቱ ልነግራቸው ቆርጬ ተነሥቼ፣ ደጁን ስከፍት አገልግል ሙሉ የመስኖ ባቄላ እሸት ይዘውልኝ ቆመዋል። ምን አባቴ ልበል? እንደገና ስመልስ ዋልሁ።

የጾሙ እኩሌታ ገደማ እንዲሁ ስናይ፣ ልጁ የሚስቅበት ላይ ሲደርስ "አቁመው" አሉኝ። አቆምሁት። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ፊቱን ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይኼ ልጅ" አሉ፣ "ለገበያ ወጥቶ ሲያመሽ እንኳ እንዳታስብ ብሎ ሰው ይልክብኝ ነበር። ይኼ ፊት ጨካኝ ፊት ነው?"

"አይደለም እንጂ" አልኋቸው።

"በሕይወት ቢኖር እስካሁን ዝም አይለኝም።" ዐይናቸውን ከፊቱ ሳይነቅሉ፣ "ቅዳሜ እቀመጥለታለሁ። ይኸን ታመጣልኛለህ" አሉ።

"ምኑን?"

"ይኸን። ሰው ሲለቀስለት ልብሱ ይወጣል፣ ፎቶው ይወጣል። የእኔ ልጅ ምን አለው? ደህና ልብሱን ለብሶት ሄደ። የቀረ ዱላው ነው። በባዶ ሜዳ አታስለቅሰኝ።"

ላፕቶፕ ለቅሶ ቤት! በዚያ አቧራ፣ በዚያ ግፊያ፣ በዚያ ፀሐይ! እኔ ከዶሮ ስጠብቀው የኖርሁትን ዕቃ! አፌ ግን "እሺ" አለ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን እኔን እንኳ አላስነካ ብላ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሰካች እስከ አፉ ሞላችው።

ቅዳሜ ጠዋት የእናትዮዋ ወንድም በቅሎ ይዘው መጡልኝ። "ጫነው፣ አይወድቅም" ቢሉኝ አሻፈረኝ ብዬ በጋቢዬ ደረቴ ላይ ታቅፌው በእግሬ ሄድሁ። የለቅሶው ሜዳ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ የትየለሌ ነው፤ ከየአጥቢያው ያልመጣ የለም። ወራት ሙሉ ማልቀስ የተከለከለ ሰው ሁሉ የዚያን ቀን ወጣ። በርጩማ ላይ የልጁን ዱላ አጋድመዋል፤ አጠገቡ ላፕቶፑን አስቀመጥሁት። ድምፁን አጠፋሁና ሲዲውን አስጀመርሁ። ታዲያ ምን ይታያል? ፀሐይ ሲያርፍበት ስክሪኑ መስተዋት ሆነ፤ ልጁን ሊያይ ያጎነበሰ ሁሉ የራሱን ፊት ነው የሚያየው። በስንት መከራ ሰው ጃንጥላ ያዘልኝና ልጁ ታየ። ሲታይ ሜዳው ተናወጠ። አስለቃሿ ፊት ለፊቱ ቆማ አወረደችው፤

ሰሊጥ ሊያጭድ ብሎ ቆላ የወረደው፣
አጫጅ ነው ስንለው እሱን ማን አጨደው?

እናትዮዋ ግን አላለቀሱም። መሬት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ስክሪኑን ዝም ብለው ያያሉ። ሴቶቹ "አልቅሺ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" ይሏቸዋል። አይሰሙም። እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ መጥቶ፣ ይሄ ሁሉ እንባ ፈስሶ፣ እንዲሁ ደርቀው ቢቀሩስ?

ወንድማቸው ከወንዶቹ በኩል፣ "አስተማሪው፣ ወደዚህም አዙረው እንጂ፣ እኛስ አንየውም?" አሉኝ። ላዞረው ከሥሩ አነሣሁት። መዳፌ ምኑን እንደ ነካ እንጃ፣ ከበሮውና እልልታው፣ የሠርጉ ዘፈን በሙሉ ድምፁ ሜዳው ላይ ፈነዳ።

አስለቃሿ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። በጾም፣ በለቅሶ ሜዳ፣ ሠርግ!  አንዱን ቁልፍ ስጫን አይሰማም፤ ሌላውን ስጫን ይባስ ይጮኻል። ይችን ማሽን ከድንጋይ ጋር ባጋጫት እንዴት ደስ ባለኝ! ወንድማቸው ዱላቸውን አንሥተው፣ "ዝጋው! ዝጋው ይኼን የሰይጣን ዕቃ! ሰው ልታሰድበን ነው የመጣኸው?" እያሉ መጡብኝ። ክዳኑን ልዘጋው ያዝሁት።

"አትንካው!"

እናትዮዋ ተነሥተው ቆመዋል። "አትንካው፤ እሱ ነው" አሉ።

ሜዳው ጸጥ አለ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሰማነው። ሠርጉ ላይ የነበርሁት፣ ያን እሑድም ከነድምፁ ያየሁት እኔ እንኳ በጫጫታው መካከል ልብ ሳልለው ኖሬያለሁ፤ በዚያ ዘፈን አቀንቃኙ ልጁ ነበር። እሱ ያወጣል፤ ሚዜዎቹና አጃቢው ይቀበሉታል። እዚያ ስክሪን ላይ አፉን ከፍቶ ይስቃል ስንል የኖርነው ሲዘፍን ነው። ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሰንጠቅ የሚል የጎረምሳ ድምፅ ነበረው። እናቱ ከተለያቸው ወዲህ አልሰሙትም።

ወንድማቸው ዱላቸውን ወደ መሬት መለሱ። እናትዮዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ልጁ አንድ ስንኝ አወጣ፤ እሳቸው ደረታቸውን መቱና ተቀበሉት። ሌላ አወጣ፤ ተቀበሉት። ድምፃቸው ዘፈን ነው እንዳይባል እንባ ሞልቶታል፤ ለቅሶ ነው እንዳይባል ቤቱን አልሳተም። አንዲት ሴት ከኋላቸው ቆማ አብራ ተቀበለች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ የሴቱ ወገን ሁሉ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። እኔ ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ በሁለት እጄ እንደ ያዝሁ ቀረሁ።

ዘፈኑ አለቀና ልጁ ዝም አለ። እሳቸው ግን መቀበላቸውን አላቆሙም።