ከነገሥታት ጋር የተጣላሁበት ዓመት

ልጆቹ ያዙኝ። «እማማ፣ ምስር ስትለቅሚ ከንፈርሽ የሚንቀሳቀሰው ከማን ጋር እያወራሽ ነው?» አሉ። ጸሎት ነው ብዬ ላልፍ ነበር። ትልቋ የልጅ ልጄ ግን፣ ሰው እንዲህ ፊቱን አኮሳትሮ አይጸልይም፣ ንገሪንና እኔ እጽፈዋለሁ ብላ ስልኳን አወጣች። እሺ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን እሷ ትጽፋለች፣ አንብባ ስታሰማኝ ያልወደድኩትን አስጠፋታለሁ።

የማወራው ከነገሥታት ጋር ነው። ማውራት ስል መጣላቴ ነው። የተጀመረውም ስሜ ከእድር ሊሰረዝ በነበረበት ዓመት ነው።

ልጆቼ በሦስት ከተማ ናቸው፤ ትልቋ አዳማ፣ ወንዱ ባቱ፣ ትንሿ ሻሸመኔ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እግሬ አንድ ቤት አልረጋ አለ። እዚህ አንድ ወር፣ እዚያ ሁለት ወር እያልኩ እዞራለሁ። እድሬ ግን አዳማ ነው፤ ባለቤቴንም የቀበረልኝ እሱ ነው። ደንቡ አጭር ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በማለዳ በየሰፈሩ ይዞራል፣ የሰማ ይወጣል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል። ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። እኔ ደግሞ ሦስቱም ጊዜ ሲነፋ አዳማ አልነበርኩም።

ባቱ ምራቴን እያረስኩ ሳለሁ ልጄ ከአዳማ ደወለች። እሁድ ስብሰባ ላይ ቀርበሽ ካላስረዳሽ ስምሽ ይፋቃል ተብሏል አለችኝ። ይሄ ለወጣት ምንም አይመስለውም። ለእኔ ግን ስሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳዬን የሚሸከም፣ ከልጆቼ ጋር የሚቀመጥ ሰው አጣሁ ማለት ነው። በኖርኩበት ከተማ እንደ ባዳ ልቀበር ነው።

የፈራሁት ሊቀመንበሩን ነው። ወንበሩ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ፣ ደረቅ፣ ማይክ በያዘ ቁጥር የሚያስል ሰው ነው። እሱ ስም ሲጠራ ሽማግሌው ሁሉ እንደ ወታደር ቀጥ ይላል። ሥልጣን የጠማው ሰው ነው እያልን እናማው ነበር፣ እኛ ሴቶቹ፣ እሱ በሌለበት። እኔ ደግሞ ዶሮ እንኳ ተቆጥቼ አላውቅም፤ እሱ ፊት ቆሜ ምን ልል ነው? ስለዚህ ከባቱ የአዳማ ሚኒባስ ላይ እንደተቀመጥኩ ከእሱ በሚበልጡት ልለማመድ አልኩ። ንጉሥ ከሰደብኩ የእድር ሊቀመንበር የት ይደርሳል ብዬ።

መጀመሪያ የጠራሁት ሕፃናቱን ያስፈጀውን ንጉሥ ነው፣ ገና ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ታሪኩ የሚነበበውን። ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«ጡት ያልጣለ ልጅ ወንበርህን ምን ያደርግብሃል?»

«ያድጋል» አለኝ።

«ቢያድግስ? አንተ እስከዚያ አትሞትም?»

«እኔ አልሞትም።»

«ትሞታለህ። ያውም ትል በልቶህ።»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት አሳለው። ሳሉ የሊቀመንበሩ ሳል ሆኖ ቁጭ አለ።

ከጎኔ የሽንኩርት ከረጢት ያቀፈች ሴት ነበረች። «አካም አዴ፣ እናቴ፣ አሞሽ ነው?» አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ከሰው ተጣልቼ ነው አልኳት። እንግዲያው አትማሪው አለችና መቂ ላይ ወረደች።

ሁለተኛው አያቴ በተረት የምታወራው ንጉሥ ነው። ከዋርካዬ ጥላ ሥር የሚያርፍ ሁሉ እኔን አስፈቅዶ ይረፍ ብሎ ያወጀው። ጀንበር ስትዞር ጥላው ጎረቤትህ ደጅ ይገባል፣ ያን ጊዜ ጎረቤትህን ታስራለህ ወይስ ጀንበሯን ብዬ ጠየቅሁት። ጀንበሯን አለኝ። ከዚህ ጋር ምን አደከመኝ ብዬ ተውኩት።

ያሸነፈችኝ ሦስተኛዋ ናት። ልጆቹ በቴሌቪዥን ከሚያዩት የቤተ መንግሥት ፊልም አንዲት እናት ንግሥት ጠራሁ፣ ምራቶቿን የምታስመርዝ።

«አንቺ እባብ፣ ልጅሽን አሳድገሽ ዳርሽ። አሁን ቤቱ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። «አንቺስ ባቱ ምን ትሠሪ ነበር?» አለች። «የምራትሽን ጨው ከመደርደሪያው አንስተሽ ምድጃው አጠገብ ያስቀመጥሽው ማን አዞሽ ነው? መጋረጃዋንስ ማን ጠይቆሽ ጠላሽው? እኔ የምገዛው አንድ ቤት ነው። አንቺ ሦስት ነው ያለሽ።»

የጠራኋት እኔ፣ አፍ የሰጠኋትም እኔ። ሌላ ሳልጠራ እስከ ሞጆ መንገድ መንገዱን አየሁ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ የቆርቆሮ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ደንቡን አነበበ፣ ስሜን ጠራ፣ ተነሣሁ።

«እማማ፣ ጡሩምባ ሲነፋ የት ነበሩ?»

ያሰብኩት ቀስ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ምራቴ አራስ መሆኗን ላስረዳ ነበር። እሱ ግን አሳለ። ያን ሳል ስሰማ ሚኒባሱ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

«ባቱ ነበርኩ። ጡሩምባችሁ ባቱ ድረስ ይሰማል?»

«ስልክ አለ።»

«ስልኩማ አለ። ሊሰርዙኝ ሲሉ ጊዜ ተደወለልኝ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ እማማ።»

«ወንበሩን የማይለቁት ግን እርስዎ ነዎት። ስንት ሰው ሲቀበር ነው የሚጠግቡት?»

ከሴቶቹ በኩል ጭብጨባ ተነሣ። እሱ መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ አስተያየት ያለው ይቀጥል አለ። ብዙ ሰው ተናገረ። መጨረሻ ላይ እጅ ወጣ፤ እኔ ከከተማ ስወጣ ልጄ በእኔ ቦታ ቀብር ትቆማለች፣ ስሜም ይቆያል ተባለ።

ስሜ ተረፈ፣ ሰላምታችን ግን ያን ቀን ሞተ። ቀብር ላይ ስሜን ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ልጄ አቤት ብትልም እንዳልሰማ ሆኖ ይደግመዋል። እኔም መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ሻሸመኔ ስሄድ፣ ባቱ ስሄድ፣ ከነገሥታቱ መሐል እሱን አስቀምጬ እሰድበዋለሁ። ያልኩትን ሁሉ የልጅ ልጄ እንዳትጽፈው ከልክያታለሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ እግሩን አሞት ወንበሩን ለቀቀ፣ ሌላ ሰው ተመረጠ። ዕድሜ ነው ያስለቀቀው እንጂ በፈቃዱስ አይለቅም ነበር ብዬ ተናግሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት ባቱ ገበያ ለመሄድ ጋሪ ላይ ስወጣ የድሮው ሊቀመንበር ሚስት ተቀምጣለች፤ ልጇ ቤት መጥታ ኖሯል። ጋሪ ላይ መሸሻ የለም፣ ተሳሳምን። ስለ እግሩ ጠየቅኋት። እሷም ያለ ቁጣ አወራችኝ። ለካ በየዓመቱ ልቀቁኝ ብሎ ደብዳቤ ያስገባ ነበር፣ ኮሚቴው ሌላ ማን ይሠራል እያለ ይመልስበት ነበር። ያን እሁድም በጉባኤው ፊት አንብቤ እገላገላለሁ ብሎ ደብዳቤውን በኮቱ ኪስ ይዞ ነው የመጣው። እኔ ያንን ከተናገርኩ በኋላ፣ አንዲት አሮጊት ተሳድባ አባረረችው እንዳይባል፣ ሳያወጣው ወደ ቤቱ ይዞት ተመለሰ።